ባለ አምስት አክሲሱ ማሽንና የአባቱ ወናፍ

ቀን ቀን የሰው ብድር እመዝናለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ወዳጆቼ ሁለቱ ሥራዎች አይተዋወቁም ይሉኛል። እኔ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ እንደሚያቀርቡልኝ ካወቅሁ ሰነበትሁ፤ "ይህ ሰው የሚለውና የሚፈልገው አንድ ነውን?" ይሉኛል። ባለፈው ክረምት እዚሁ ጂንካ ላይ አንድ ወጣት ይዞት የመጣው ማመልከቻ ይህንኑ ጥያቄ መልሶ ስለቀሰቀሰብኝ፣ ውድ አንባቢያን፣ ነገሩን ላጫውታችሁ ወደድሁ። ስሙን አልጠራም። ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል።

ወጣቱ ከቅዳሜ ገበያው ዝቅ ብሎ አንዲት ትንሽ የቶርኖ ቤት አለችው። አንድ አሮጌ ቶርኖ፣ አንድ መሰርሰሪያ፣ አንድ የብየዳ ማሽን፤ ሀብቱ ይኸው ነው። አንድን ዕቃ በሺህ የሚያመርት ሳይሆን የመጣለትን ሁሉ አንድ በአንድ እየቀረጸ የሚያስረክብ ባለ እጅ ነው። የወይጦን አቧራ የጠጣ የጭነት መኪና ቡሽ፣ የተጣመመ የወፍጮ ሻፍት፣ ክሩ የተላጨ ቦሎኒ፣ ሁሉም እርሱ ዘንድ ይመጣል። ከአዲስ አበባ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለሚመጣ መለዋወጫ ዕቃ መጠበቅ የማይችል ሰው ሁሉ ደንበኛው ነው።

"ጋሼ፣ ባለ አምስት አክሲስ ማሽን ነው የምፈልገው" አለኝ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ እያቀበለኝ። ከዚያም ስልኩን አውጥቶ አንድ ተንቀሳቃሽ ምስል አሳየኝ። አንድ ድቡልቡል አሉሚኒየም በማሽኑ ሆድ ውስጥ ይጋደማል፣ ይዞራል፣ ስለቱም እየተከተለው ጠማማ ክንፎች ያበቅልበታል። እውነቱን ለመናገር እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ማመልከቻውን ወደ ጎን አድርጌ ምስሉን ሁለት ጊዜ ደገምሁት።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ቶርኖ ብረቱን ያሽከረክራል፤ ስለቱ ሳይሽከረከር እየተጠጋ ይልጠዋል። ማሽኒንግ ሴንተር የሚባለው ደግሞ በተቃራኒው ስለቱን እያሽከረከረ የታሰረውን ብረት ይቀርጻል። የዚህ ማሽን የመንቀሳቀሻ አቅጣጫ አክሲስ ይባላል። መደበኛው ሦስት አለው፤ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ፣ ላይና ታች። በቁጥር የሚታዘዝ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ሲታይም የነበሩት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ባለ አምስቱ በእነርሱ ላይ ሁለት መዞሪያ ይጨምራል። በብዙዎቹ ማሽኖች ጠረጴዛው ራሱ ይጋደማል፣ ይሽከረከራልም። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አንድ ጊዜ የታሰረ ብረት ሳይፈታ፣ ከታሰረበት ፊት በቀር፣ በአምስቱም ፊቱ ሊሠራ ይችላል። ብረት በተፈታና እንደ ገና በታሰረ ቁጥር ልኩ ይዛነፋልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወጣቱን ለዚህ ምኞት ያበቃው የአንድ የመስኖ እርሻ ፓምፕ ነው። ውኃውን እያሽከረከረ የሚገፋው ባለ ክንፍ መዘውር፣ ኢምፔለር የሚሉት፣ ተሰብሮ መጣለት። አገላብጦ አየው፤ በእጁ ባለው ቶርኖ ሊሠራው እንደማይችል ተናግሮ መለሰው። አዲሱ ከሩቅ አገር እስኪመጣ ማሳው ደረቀ። "ውኃው እኮ እዚያው አጠገቡ ይፈስ ነበር" አለኝ። ይህን ሲል ድምፁ እንደ ብድር ጠያቂ ድምፅ አልነበረም።

እንግዲህ ሥራዬ ነውና ለሦስት ሌሊት ግጥሜን ትቼ ስለ ማሽን አነበብሁ። መካከለኛ ደረጃ ከሚባሉት አንዱን፣ የአሜሪካውን ሀስ ኩባንያ ዩኤምሲ 750 የተባለውን ሥሪት፣ ለምሳሌ ያህል መረመርሁ። በሦስቱ አቅጣጫ 762፣ 508 እና 508 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ ስለቱን በደቂቃ እስከ 8,100 ጊዜ ያሽከረክራል። ዋጋው ከ100,000 ዶላር በላይ ነው። እዚህ ላይ የባንክ ሰውነቴ ነቃ። እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር እምብዛም አይርቅም ነበር፤ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ በሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር ተሻገረ። 5.7 ሚሊዮን ብር ገደማ የነበረው 100,000 ዶላር ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ የስለቱ፣ የመያዣው፣ የመለኪያው፣ የሶፍትዌሩ፣ የማጓጓዣው ዋጋ ገና አልተደመረም።

በርግጥ ቤት የሌለው ሰው ማሽን አይገዛም የሚባልበት ዘመን አልፏል። በ1990 ዓ.ም. የወጣውና በ2005 ዓ.ም. የተሻሻለው የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ አለ። አከራዩ ማሽኑን ገዝቶ ያቀርባል፤ ተከራዩ ሠርቶ እየከፈለ በመጨረሻ ባለቤት የሚሆንበት መንገድም አለ። ነገር ግን ማሽኑ ሥራ ካጣ፣ ዋስትና የሆነው ያው ማሽን አፉን ከፍቶ የሚበላ ዕዳ ይሆናል።

ስለዚህ ወጣቱን አስቀምጬ ጥያቄ ጠየቅሁት። የመጀመሪያው፣ "አምስቱም አክሲሶች በአንድ ጊዜ መንቀሳቀስ አለባቸው ወይ?" የሚል ነበር። አብዛኛው ሥራ ጠረጴዛውን በሚፈለገው ማዕዘን አጋድሞ፣ ቆልፎ፣ ከዚያ በሦስቱ አክሲስ መቅረጽ ይበቃዋል፤ ባለሙያዎቹ "ሦስት ሲደመር ሁለት" ይሉታል። አምስቱን አብሮ የሚያስጨፍረው እንደ ተርባይን ክንፍ ያለ ጠማማ ገጽ ነው። ሁለተኛው፣ "ማን ያዘዋል?" የሚል ነው። በኮምፒዩተር የተሳለውን ቅርጽ ማሽኑ ወደሚሰማው ቋንቋ የሚመልስ ተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ተርጓሚው ለዚያው ማሽን የተበጀ ካልሆነ ስለቱ ሄዶ ጠረጴዛውን ይመታል። መጥፎ ትርጉም ግጥም ሲገድል አይቻለሁ፤ ብረትም እንደሚሰብር ያወቅሁት ያን ሌሊት ነው። ሦስተኛው፣ "ምን ያበላዋል?" የሚል ነው፤ የማይዋዥቅ ባለ ሦስት ፌዝ መብራት፣ ደረቅና ንጹሕ የታመቀ አየር፣ የማይሰምጥ ወለል ይፈልጋል። እዚህ መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ እያበራን የምንጽፍ ሰዎች ነን። አራተኛው፣ "ሲቆም ማን ይመጣለታል?" የሚል ነው። የሚዞረው ጠረጴዛ እምብርቱ በየጊዜው እየተለካ ካልታረመ አምስቱ አክሲስ አምስት የስሕተት ምንጭ ይሆናሉ።

መልሱን ከአንደበቱ ሳይሆን ከደብተሩ ፈለግነው። የአንድ ዓመት ሥራ የመዘገበበትን ዘይት የጠጣ ደብተር ይዞ መጣና ገጽ በገጽ ሄድንበት። ከሁሉ የሚበዛው ክብ ነገር ነበር፤ ሻፍት፣ ቡሽ፣ ፒን፤ እነዚህ የቶርኖ ናቸው። ቀጥሎ ሰሌዳ፣ ቀዳዳና የቁልፍ ቦይ መጣ፤ ይህ ባለ ሦስት አክሲስ ማሽን በቀላሉ የሚሠራው ነው። በማዕዘን የሚሠሩት ጥቂቶች፣ በጠረጴዛው ላይ የሚጨመር አንድ መዞሪያ ቢኖር ያልቁ ነበር። አምስቱን አክሲስ ባንድነት የጠራ የመሰለን በዓመት አንድ ሥራ ብቻ አገኘን። እርሱም ያ ኢምፔለር ነው።

በማግሥቱ የተሰበረውን ኢምፔለር በጋዜጣ ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። በስልኩ እንዳየነው ዓይነት ክንፎቹ የተገለጡ አልነበረም። ክንፎቹ በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ተሸፍነው ውስጥ ለውስጥ ይጠማዘዛሉ። ወጣቱ ጣቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ሻካራውን ገጽ እየዳበሰ ቆየና፣

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ተፈልፍሎ የወጣ አይደለም፤ ፈስሶ ነው" አለ።

"ማለት?"

"በእንጨት ቅርጹ ይሠራል፤ ቅርጹ አሸዋ ላይ ይታተማል፤ ለውስጡ ባዶ ቦታም ለብቻው የአሸዋ ልብ ይገባለታል። ከዚያ ነሐሱ ቀልጦ ይፈስበታል። ሲበርድ በቶርኖ ተስተካክሎ ክብደቱ ይመዛዘናል።"

"ታዲያ ይህን እያወቅህ ስለ ምን አምስት አክሲስ ትላለህ?"

መልስ ሳይሰጥ ቆየ። በመጨረሻ፣ "ማቅለጥና ማፍሰስ የአባቴ ሥራ ነው" አለ።

የዚህን አገር ነገር ለማያውቅ ሰው ይህ መልስ መልስ አይመስልም። ከጂንካ በላይ ባሉት የአሪ ደጋማ መንደሮች ማረሻውን፣ ቢላዋውን፣ አምባሩን የሚሠራው ቀጥቃጭ ለዘመናት ከገበሬው ጋር የማይጋባ፣ ገሸሽ የተደረገ ወገን ሆኖ ኖሯል። የተለየ ዘር ነው የሚል ወሬም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የዘረመል ጥናት ግን የአሪ ቀጥቃጮችና ገበሬዎች ከአንድ ግንድ የወጡ መሆናቸውን፣ ልዩነቱ የመጣውም በመገለላቸው መሆኑን አሳይቷል። ሰሜኑም ከዚህ ንጹሕ አይደለም፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስድቡ ስለነበረ ነው። እኛ ቅኔ ወዳዶች እንኳ "ሰምና ወርቅ" እያልን ስንመጻደቅ፣ ቃሉን የተዋስነው በሰም ቅርጽ አበጅቶ፣ ሰሙን አቅልጦ፣ ወርቁን ከሚያፈስስ አንጥረኛ መሆኑን የምናስታውስ ስንቶቻችን ነን?

ማመልከቻውን መልሼ አየሁት። "የአመልካቹ የሙያ ልምድ በዓመት" በሚለው ቦታ "4" ብሎ ሞልቷል። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ከወጣ ወዲህ ያለው መሆኑ ነው።

"ወናፍ መንፋት የጀመርኸው በስንት ዓመትህ ነው?" አልሁት።

"በስምንት።"

"አሁንስ?"

"ሃያ ስድስት።" ከዚያም አንገቱን ሳያነሣ፣ "ጋሼ፣ ያ ማሽን ቢኖረኝ ሰው ስለ ማሽኑ ይጠይቀኛል እንጂ የማን ልጅ ነህ አይለኝም ብዬ ነው" አለ።

በባንክ ሥራ ዘመኔ ብዙ የብድር ምክንያት ሰምቻለሁ። እንደዚህ ያለውን የሚያስገቡበት ሣጥን ግን በቅጾቻችን ላይ የለም። እሺ ብለው ዕዳ አሸክመው ነበር፤ እምቢ ብለው ደግሞ ወደ ሸሸበት ቤት በበትር የመለስሁት ይመስል ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም ሳልል ብዕሬን አቀበልሁት። ለረጅም ጊዜ በጣቱ ይዞት ቆየ። ኋላ "4" የሚለውን ሰርዞ "18" ጻፈ፤ ከጎኑም ፊርማውን አኖረ።

ማመልከቻው አሁን ተለውጧል። ባለ ሦስት አክሲስ ማሽን፣ በላዩ የሚታሰር አንድ መዞሪያ፣ የእንጨቱን ቅርጽ የሚቀርጽበት ስለት፣ አንዲት የነሐስ ማቅለጫ ምድጃ። ሥራው አድጎ አምስተኛውን አክሲስ የጠራው ዕለት ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ውሳኔው የእኔ አይደለም፤ ፋይሉ ወደ በላይ አካል ሄዷል፤ እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።

ባለፈው ቅዳሜ በቶርኖ ቤቱ በኩል ሳልፍ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ተቀምጠው አየሁ። የተሰበረውን ኢምፔለር ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ውስጡን በጣታቸው ይለካሉ። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ የሚሉትን በደብተሩ ይጽፋል። ሰላምታ ልሰጥ ፈልጌ ነበር፤ ሥራ ላይ ስለነበሩ ዝም ብዬ አለፍሁ።