ድምፁን አጥፍቶ የመጣው በረዶ

ጊዜው ጥር 2008 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛ ልጇን የተገላገለችውን ልጄን ላርሳት ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሄጄ ነበር። ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ቴሌቪዥኑ «ከባድ በረዶ ሊመጣ ነው» እያለ ሰዉን ሁሉ ሱቅ ለሱቅ አሯሯጠው። እኔና አማቼም ዳቦና ወተት ልንገዛ ብንሄድ ባዶ መደርደሪያ ጠበቀን። «ምን ያስጨንቅሃል? እንጀራም ሽሮም አለን» አልኩት።

እኔ የማውቀው የአዲስ አበባን በረዶ ነው። ቆርቆሮውን እየደበደበ ይመጣል፤ ልጆች በሳህን ይለቅሙታል፤ ብዙም ሳይቆይ ቀልጦ ይጠፋል። ይኼኛው ግን እንደ ሌባ ድምፁን አጥፍቶ ገባ። ከዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ቅዳሜንም ሙሉ ሲጥል ዋለ። በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ 74 ሴንቲ ሜትር ያህል ተለካ። የምድር ባቡሩም ቅዳሜና እሑድ ሥራ አቆመ።

እሑድ ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ መኪኖቹ የሉም። በየቦታቸው የጭድ ክምር የመሰለ ነጭ ጉብታ ተቀምጧል። ከፊት ለፊታችን ያለው ጎልማሳ በአካፋ ሲቆፍር ቆይቶ መኪናውን ሲያገኘው ለካ የጎረቤቱ ኖሯል! ሌላው ደግሞ በጠረገው ቦታ ማንም እንዳያቆምበት የወጥ ቤት ወንበር ገትሮበት ሄደ። አንዲት ሴትዮ ለውሻዋ ካፖርትና አራት ጫማ አልብሳ አወጣችው፤ ውሻው ግን አንድ እግሩን አንስቶ ንቅንቅ አልል አለ። የልጅ ልጄ በበኩሉ ጠፍቶ ስንፈልገው፣ ከአገር ቤት ያመጣሁትን ሰፌድ ተቀምጦበት ቁልቁለቱን ሲንሸራተት ተገኘ።

በዚህ እየሳቅሁ ሳለ ዓይኔ አንድ መኪና ላይ አረፈ። ሞተሩ ተነስቷል፤ አባት ከፊት በረዶ ይዝቃል፤ ትንሽ ልጁ እንዲሞቀው ከኋላ ተቀምጧል። ጭስ ማውጫው ግን በበረዶ ተቀብሯል። ሳቄ ጠፋ። በአማቼ ነጠላ ጫማ ወጥቼ «ልጁን አውጣው! ልጁን!» እያልኩ ጮህኩ። በአማርኛ ነው የምጮኸው፤ ሰውዬው አፍጥጦ ያየኛል። በሩን ራሴ ከፍቼ ልጁን ሳወጣው ደግሞ የምሰርቀው መስሎት ሮጦ መጣ። አማቼ ደርሶ አስረዳልኝ። ልጁ ደህና ነበር፤ ሰውዬው ግን ሞተሩን አጥፍቶ ልጁን አቅፎ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

በነርስነት ስሠራ ከሰል አቀጣጥለው በተዘጋ ቤት ያደሩ ሰዎችን አይቻለሁ። ገዳዩ ያው ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። አይታይም፣ አይሸትም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አምጥቶ ያስተኛል። በዚያው በረዶ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ አንዲት እናትና የአንድ ዓመት ልጇ ጭስ ማውጫው በተደፈነ መኪና ውስጥ ሊሞቁ ተቀምጠው ሕይወታቸው አልፏል።

ስለዚህ ውጭ ያላችሁ ወላጆች፣ መጀመሪያ ጭስ ማውጫውን ጥረጉ፤ ልጆቹ ቤት ይቆዩ። አገር ቤት ያላችሁም የቡናውን ከሰል ወደ መኝታ ቤት አታስገቡ።

ማታ ሰውዬው ከነልጁ ኬክ ይዞ መጣ፤ ቡና አፈላሁላቸው። ሰፌዴ ግን ከዚያ ወዲያ እህል አላበጠረም፤ ለሚቀጥለው በረዶ ተብሎ በር ሥር ተቀመጠ።