ለድመቷ የቱን ክትባት እናስከትብ?

በትዳር ውስጥ ባልና ሚስትን የሚያነጋግረው ትልቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእኛ ቤት ሁለት ምሽት ሙሉ ያከራከረችን ከአንድ ጫማ የማትበልጥ የድመት ልጅ ናት። የምንኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በሚጀምርበት ጥግ ነው። አይጥ ዱቄቱንም የልጆቹንም ደብተር አላስቀምጥ ስላለን ጎረቤታችን የ9 ሳምንት ግልገል ሰጠችን።

የእንስሳት ሐኪሙ ሦስት ዓይነት ክትባት ዘረዘረልን። ባለቤቴ ዋጋውን ሲሰማ፣ “የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል። ደግሞስ የሚያብደው ውሻ እንጂ ድመት ነው እንዴ?” አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ስለነበር እያንዳንዱን ክትባት ለየብቻው አየነው።

የመጀመሪያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። በሽታው በውሻ ይጠራ እንጂ ድመትንም፣ ቀበሮንም፣ ከብትንም፣ ሰውንም ይይዛል። ሌሊት ጅብ ከጫካው በሚወርድበት፣ ባለቤት የሌለው ውሻ በሚንጋጋበት ሰፈር ደግሞ አይጥ አዳኝ ድመት ከንክሻ አታመልጥም። በሽታው በሰው ላይ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ተደብቆ ይቆያል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ትንሿ ልጃችን ድመቷን አቅፋ ፊቷን ስታስልሳት ስላየ፣ ባለቤቴ በዚህኛው ላይ አልተከራከረም። ክትባቱ 12 ሳምንት ሲሞላት ይሰጣል፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል።

ሁለተኛው ሦስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከል ነው። ሁለቱ ጉንፋን መሰል ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው ግልገሎችን በትውከትና በተቅማጥ የሚጨርስ ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም። ሆኖም ቫይረሱ በቤት ውስጥ እስከ ዓመት ሊቆይ፣ በጫማችንም ሊገባ ስለሚችል ከቤት የማትወጣ ድመትም አትድንም። ከእናት ወተት የሚገኘው መከላከያ የክትባቱን ሥራ ስለሚያግድ አንዴ መከተብ አይበቃም፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ፣ እስከ 16 ሳምንት ይደጋገማል። ይህንንም ተስማማን፤ ክፍያው በየወሩ ተከፋፍሎ ስለሚወጣ ኪሳችንን አልከበደውም።

ሦስተኛው የድመት ሉኪሚያ ክትባት ነው። በሽታው ከድመት ወደ ድመት በምራቅ ይተላለፋል። ስለዚህ ጣሪያ ለጣሪያ ለምትዞር ድመት ይመከራል። እኛ ግልገሏን ለጊዜው ከቤት ላለማስወጣት ወስነን፣ መውጣት ከመጀመሯ በፊት አስመርምረን ልናስከትባት ቀጠሮ ያዝን።

በጸሎት ቡድናችን ያለች እህት ይህን ሰምታ፣ “ስንት የተራበ ሰው እያለ ለድመት ገንዘብ ይወጣል?” ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን አልናቅሁትም። ነገር ግን ያልተከተበች ድመት የምትነክሰው የእኔን ልጅ ብቻ አይደለም። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርደውን እናት ልጅም ልትነክስ ትችላለች፤ ያቺ እናት ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ ትታ ሐኪም ቤት መመላለስ ይከብዳታል። የድመቷ መርፌ የጎረቤትም ጉዳይ ነው ያልኳት ለዚህ ነው።

ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከከተበ ወዲህ ለሰውም መድኃኒት አለ። ጉለሌ ያለውን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የአዲስ አበባ ሰው እስከ ዛሬ “ፓስተር” የሚለው በእርሱ ስም ነው።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ ገንዘቡ ለአንድ ክትባት ብቻ የሚበቃ ከሆነ የእብድ ውሻውን አስቀድሙ። ውሻም ካላችሁ ከድመቷ በፊት ውሻውን አስከትቡ፤ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች 99 በመቶው የሚያዙት ከውሻ ነውና። ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ድመቷን አትግደሉ፤ ዘግታችሁ ለ10 ቀን ተከታተሏት። የሐኪሙን ውሳኔ ግን እርሷን እያያችሁ አታዘግዩ።