መጨረሻ ያለው ጨዋታ

ቤታችሁ ውስጥ ፕሮግራመር ካለ ምልክቱን ታውቁታላችሁ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ ይውልና ማታ ጫማውን እንዳወለቀ ሌላ ኮምፒውተር ይከፍታል። የእኔ እናት «ኧረ ዓይንህን እንኳ አሳርፈው!» ሳትለኝ የቀረችበት ምሽት የለም። ባለቤቴ አጠር ታደርገዋለች፦ «ጎመን ሻጭ እንኳ ቤቷ ስትገባ ስለ ጎመን አታወራም»።

በሙያ ባልደረቦቼ ስም ልመልስ። ሥራችንን አድካሚ የሚያደርገው አለማለቁ ነው። አናጺ በሩን ይገጥማል፣ ሒሳቡን ይቀበላል፣ ይሄዳል። የእኛ በር ግን ጣጣው የሚጀምረው ከተገጠመ በኋላ ነው። አንዱ ጸሐፊ ደንበኛውን «ኃይሉ» ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው «ሀይሉ» ይላል፤ ኮምፒውተሩም አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ፊደላት ለእሱ የየራሳቸው ቁጥር አላቸውና። (ለነገሩ ፊደላችን ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ምን ይመስል እንደነበር በዘመኑ የቢሮ ጸሐፊ የነበሩትን ጠይቁ።) ይህን አቃናሁ ስትሉ ጳጉሜን ትመጣለች፤ ወር ከ12 አይበልጥም ብሎ የሚያምን ፕሮግራም 13ኛውን ሲያይ ግራ ይገባዋል። ከዚያ የሰዓቱ ጉዳይ አለ፤ ለጠዋቱ 3 ሰዓት የታሰበው ቀጠሮ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይያዛል። አለቀ የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ ማታ የሚናፍቀኝ የሚያልቅ ነገር ነው።

ከምወዳቸው ጌሞች አንዱ ስታርዲው ቫሊ ይባላል። ኤሪክ ባሮን የተባለ አሜሪካዊ ኮዱንም፣ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም ብቻውን አራት ዓመት ያህል ለፍቶበት እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ አቀረበው። ታሪኩ የቢሮ ኑሮ የሰለቸው ሰው የአያቱን እርሻ ወርሶ ገጠር ስለ መግባቱ ነው። ድንጋይ ትለቅማላችሁ፣ ትዘራላችሁ፣ ታጠጣላችሁ፣ ከጎረቤት ጋር ትተዋወቃላችሁ። እናቴ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆማ ብዙ ከተመለከተች በኋላ «እኛ እርሻ ሸሽተን ከተማ ገባን፣ አንተ ገንዘብ ከፍለህ ታርሳለህ?» አለች። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁላትም።

ግን የጨዋታውን አሠራር ልብ በሉ። አንዱ የጨዋታ ቀን የሚፈጀው ወደ 14 ደቂቃ ነው። ሥራችሁ የሚቀመጠው ገጸ ባሕርዩ አልጋው ላይ ሲተኛ ነው፤ አመሻለሁ ካለ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ራሱን ስቶ ይወድቃል። በየ14 ደቂቃው «ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ?» የምትሉበት በር አለ ማለት ነው። አንዴ ከተገዛ በኋላም መሐል ላይ ቆሞ ገንዘብ አይለምንም።

የ10 ዓመቷ ልጄ ስልክ ላይ የነበረው ጌም ሌላ ዓይነት ነው። ዋጋው ነጻ ነው፤ በር ግን የለውም። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ፣ ስልኩም ባትሪ ጨርሶ፣ ልጅቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «63 ቀኔ ሊጠፋ ነው!» ትላለች። ለካ በየቀኑ ሳያቋርጡ ለሚገቡ ሰዎች የሚቆጠር ቁጥር አለ፤ አንድ ቀን ከተዘለለ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ባለቤቴ ስልኩ ይነጠቅ አለች። እኔ ደግሞ ደሜ የፈላው በጌሙ ነው፤ ምክንያቱም ያንን ቁጥር የጻፈው የእኔ ቢጤ ባለሙያ ነው። አንድ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ «ልጅቷ ነገም እንድትመለስ ምን እናድርግ?» ብሎ አስቦበታል።

የሽልማት ሣጥኑም እንደዚሁ ነው። አንዳንዴ ወርቅ ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን በርግቦች አሳይቷል፤ ምግቡ መቼ እንደሚመጣ የማታውቅ ርግብ ቁልፉን መቆርቆር አትተውም።

እናም ቅዳሜ ከሰዓት ልጄን አስቀምጬ በስክራች አንድ ሣጥን ሠራን። ስክራች ኤም.አይ.ቲ. እ.ኤ.አ. በ2007 ለልጆች ያወጣው፣ ባለቀለም ቁራጮችን እንደ ሌጎ እየገጣጠሙ ኮድ የሚጽፉበት ነጻ ፕሮግራም ነው። ሣጥናችን ሲነካ ከአምስት አንዴ ኮከብ ያወጣል። ልጄ ትንሽ አሰበችና አምስቱን ወደ ሃምሳ ቀየረችው። ከዚያ የ6 ዓመት ወንድሟን ጠራች። ልጁ ነካ፣ ነካ፣ ነካ። እሷ ከኋላው ቆማ ታየዋለች። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ዝም ብሎ ይጫናል» አለችኝ በሹክሹክታ። መጀመሪያ ሳቀች፤ በኋላ ግን አሳዘናት መሰለኝ ቁጥሩን ወደ ሦስት አወረደችለት።

ጌሙን በዚያው ቀን ተወችው ብላችሁ አሳምሬ ባወራ ደስ ይለኝ ነበር። አልተወችም። ግን ቀኖቹን መቁጠር አቁማለች፤ ሣጥኑ ሲከፈትም «ከስንት አንዴ ይሆን?» ትላለች። ለልጃችሁ ጌም ከማውረዳችሁ በፊት እናንተው ግማሽ ሰዓት ተጫወቱት፤ ከዚያ «በቃኝ» በሉት። ዝም ብሎ የሚያሰናብታችሁ ከሆነ እሰየው። የሚለማመጥ፣ የሚያስፈራራ ወይም «ነገ ካልመጣህ» የሚል ከሆነ እንግዳ ቢሆን ቤታችሁ ታስገቡት ነበር?

ንባቡን ያመጣችብን እናቴ ናት። እሷ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የምታውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምታ ነው። የዕለቱ ክፍል ሲያልቅ ያልቃል፤ ቀጣዩን መጠበቅ ብቻ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ፣ ከ500 ገጽ በላይ ያለው ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ለ10 ዓመት ልጅ አይሆንም ብዬ ነበር። እናቴ ግን ለልጅ የማይሆነውን እየዘለለች፣ የፊታውራሪ መሸሻን ድምፅ እያጎረነነች ታነብላታለች። ልጄ ጉዱ ካሳን ወዳዋለች። የሚጠይቅ ሰው ስለሆነ ይመስለኛል፤ ፕሮግራመር የሚወጣውም ከእንደዚህ ዓይነቱ ነው።

ደንባቸው በምሽት አንድ ምዕራፍ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ «አንድ ብቻ እንጨምር» ተባብለው ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆነ፤ ልጅቷ በነጋታው ፈተና አለባት። መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የተቆጣችኝ ደግሞ እናቴ ናት።