ከውስጥ ያለው ጎማ ስንት ንፋስ አለው?

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። የምጽፈው ከጣት እምብዛም ስለማትረዝም አንዲት ቱቦ ነው። ትንሽ ታገሱኝ፤ ጉዳዩ በሕዝብ ማመላለሻ የሚሳፈረውን ሁሉ ይመለከታል።

በአምቦ መንገድ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ እመላለሳለሁ። ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦ፤ አንዳንዴም ጉደርን አልፌ እስከ ጌዶ። አብዛኛውን ጊዜ የምሳፈረው በቅጥቅጥ ነው። ከመነሳታችን በፊት ረዳቱ ዱላ ይዞ መኪናውን ይዞራል፤ ጎማዎቹን እየመታ ድምፃቸውን ያዳምጣል፤ ከዚያ «ሳበው!» ይላል። የጎማ ምርመራችን ይኸው ነው።

ችግሩ ያለው ከኋላ ነው። የቅጥቅጡም ሆነ የጭነት አይሱዙው የኋላ ጎማ በየጎኑ ሁለት ሁለት ነው። አንዱ ይታያል፣ ሌላው ከጀርባው ተደብቋል። የተደበቀውን ጎማ ቫልቭ ለማግኘት በውጭኛው ቸርኬ ቀዳዳ እጅን አሾልኮ መዳበስ ያስፈልጋል። መለኪያውም የኮምፕሬሰሩም አፍ እዚያ ድረስ መግባት ያስቸግራቸዋል። ማራዘሚያ የተሠራው ለዚህ ነው፤ በውስጠኛው ጎማ ቫልቭ ላይ ተጠምዶ በቸርኬው ቀዳዳ ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦ ነው። እሱ ካለ ጎማ ሳይፈታ መለካትም መሙላትም ይቻላል። ከሌለ የውስጡ ጎማ ይረሳል።

ቢረሳ ምን ይሆናል? ጎማው ራሱ ይናገራል። በአይሱዙ ጎማ ጎን ላይ 122/118 ተብሎ ተጽፎ ብታገኙ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ጎማው ብቻውን ሲታሰር 1500 ኪሎ ይችላል ማለት ነው፤ ሁለተኛው በጥንድ ሲታሰር 1320 ኪሎ። እንግዲህ ጥንዱ ሙሉውን 2640 ኪሎ ተሸክሞ ሲሄድ የውስጡ ቢተነፍስ ሸክሙ ሁሉ ወደ ውጭኛው ይዞራል። 1500 ለሚችል ጎማ 2640! የተጫነበት ጎማ ይግላል፤ የተነፈሰውም ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል። ጌዶን አልፎ ወደ ባኮ ቆላ ሲወረድ ደግሞ የአየሩ ሙቀት ይጨመርበታል። ከሁሉ የሚከፋው፣ የውጭኛው መኪናውን ደግፎ ስለሚያቆመው ሾፌሩ ምንም ላያይ ይችላል።

ዱላውስ? ዱላ ፈጽሞ የተነፈሰውን ይለይ ይሆናል፤ ሩቡን ንፋስ ያጣውን ግን አይለይም።

አምቦ ውስጥ አንድ ጎሚስታ ይህን አንስቼበት ነበር። «ጋሼ፣ ማራዘሚያውን ንቀልልኝ የሚሉኝ ብዙ ናቸው» አለኝ። ለምን ብለው፣ «ያስተነፍሳል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አስረውት የሚረሱት ከሆነ ያስተነፍሳል» አለኝ።

ልጁ ልክ ነው። ማራዘሚያ አንድ መጋጠሚያ ይጨምራል፤ መጋጠሚያ ባለበት ሁሉ ንፋስ መውጫ ያገኛል። ጫፉ በቸርኬው ቀዳዳ ላይ በላስቲክ ካልተደገፈ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይላላል። የመጋጠሚያው ላስቲክ ይደርቃል። ክዳኑ ከጠፋ ከገጠሩ መንገድ የሚነሳው አቧራና ጭቃ ቫልቩ ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ግን መንቀል አይደለም። ሲታሰር በጉጠት ጨፍልቆ ሳይሆን በልኩ ማጥበቅ፤ የሳሙና ውኃ ቀብቶ አረፋ መኖር አለመኖሩን ማየት፤ የብረት ክዳን ማድረግ፤ ጎማ በተቀየረ ቁጥር ላስቲኩን አብሮ መቀየር፤ ሁለቱ ጎማዎች ሲታሰሩም ቫልቮቻቸው ትይዩ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲሆኑ ማድረግ። ልኬቱም ከጉዞ በኋላ ሳይሆን ጠዋት ጎማው ሳይግል ነው።

አሜሪካ ውስጥ አልጋና ምድጃ ባለው ትልቅ መኪና አገር የሚዞሩ ጡረተኞች አሉ። የብዙዎቹ መኪና የኋላ ጎማ እንደ ቅጥቅጣችን ጥንድ ነው፤ ስለዚህችው ቱቦም ሲከራከሩ ይውላሉ። ከእኛ የበለጠ አዋቂ ስለሆኑ አይደለም። የመኪናው ባለቤት፣ ሾፌርና ተሳፋሪ አንድ ሰው ስለሆነ ነው። እኛ ጋ ባለንብረቱ አዲስ አበባ ተቀምጦ ገቢ ይጠብቃል፤ ሾፌሩ ምልልሱን ይቆጥራል፤ ረዳቱ የቀን አበሉን ያስባል። ጎማው ሲፈነዳ መኪናው ውስጥ ያለው ተሳፋሪ ግን የሚጠይቀው የለም። ቱቦዋ የተረሳችው ዋጋዋ ከብዶ ሳይሆን ጉዳዩ የማን እንደሆነ ስላልለየ ነው።

ለባለንብረቶችም አንድ ቃል አለኝ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጎማ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ንፋስ ያነሰው ጎማ ያለ ዕድሜው ያልቃል፤ ጥንዱንም ይዞት ይሄዳል። ለሰው ባታዝኑ ለገንዘባችሁ እዘኑ።

አደጋ ሲደርስ «ከፍጥነት በላይ በማሽከርከር» የሚለውን እንሰማለን፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን ፍጥነትን የሚቆጣጠር ትራፊክ መንገድ ላይ ስናቆም፣ የውስጡን ጎማ የሚለካ ሰውስ የት አቆምን? ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የውስጠኛው ጎማ በመለኪያ ይለካ፤ ማራዘሚያውም ይታይ። ማኅበራትም በየመናኸሪያው አንድ መለኪያ ያኑሩ። ይህ ብድርም ዕርዳታም የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

እስከዚያው እኛ ተሳፋሪዎች መጠየቅ እንችላለን። ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ረዳቱን በትሕትና «ወንድሜ፣ የውስጡ ተለክቷል?» በሉት። መጀመሪያ ይስቅባችኋል። አሥር ሰው ከጠየቀው ግን መለካቱ አይቀርም።