ፍርሃት ጨዋታ ሲሆን

ሰው በገዛ ፈቃዱ ለመፍራት ቁጭ ይላል ብዬ ለእናቴ ብነግራት አታምነኝም። እሷ ፍርሃትን የምታውቀው ሳይጠሩት እንደሚመጣ፥ ከመጣም በኋላ በቶሎ እንደማይሄድ እንግዳ ነው። እኔ ግን ባለፈው ክረምት ማታ ማታ እራቴን በልቼ፥ መብራቱን አጥፍቼ፥ ማዳመጫውን በጆሮዬ ሰክቼ፥ ሁለት ሁለት ሰዓት ያህል ስፈራ ከረምኩ። ለዚህ ድካሜ የከፈለኝ የለም፤ እንዲያውም በእንቅልፌና በጠዋት የፊርማ ሰዓቴ ዋጋውን የከፈልኩት እኔው ነኝ። አንባቢ ይህን ሰምቶ ቢስቅብኝ አልቀየመውም። ነገር ግን በጨዋታው ምክንያት ያገኘሁት ነገር የሚያስቅ ስላልሆነ፥ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንዲከተለኝ እለምነዋለሁ።

የምኖረው በከሚሴ ነው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች፥ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ቀኑ ይሞቃል፤ ሌሊቱ የከባድ መኪና ድምፅ አይለየውም። በገበያዋ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ አፍ ተደባልቀው ይሰማሉ። ከከተማው ወጣ ሲሉ ደግሞ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል፤ በበጋ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን እየነዱ የሚሰበሰቡበት ለምለም ምድር ነው። እኔ በዚህች ከተማ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ መዝገብ የማገላብጥ ትንሽ ሠራተኛ ነኝ።

ጨዋታውን የሰጠኝ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ነው። ስሙ «ኤሊየን፡ አይሶሌሽን» ይባላል። በእንግሊዝ አገር በሆርሻም ከተማ የሚሠራው ክሪኤቲቭ አሴምብሊ የተባለ ድርጅት አዘጋጀው፥ ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ አወጣው። እነዚህ ሰዎች ከዚያ በፊት የሚታወቁት ብዙ ሺህ ወታደር በሜዳ ላይ በሚያሰልፉ የጦርነት ጨዋታዎች ነበር። በዚህኛው ግን ሠራዊቱን ሁሉ ትተው አንዲት ሴት ብቻ አስቀሩ።

ታሪኩ መሠረቱ ሪድሊ ስኮት በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ኤሊየን» የተባለው ፊልም ነው። በዚያ ፊልም ኤለን ሪፕሊ የምትባል ሴት ኖስትሮሞ በተባለች የጠፈር መርከብ ላይ ስትሠራ ባልደረቦቿን አንድ እንግዳ አውሬ ይፈጃቸዋል፤ እሷም በትንሽ መንኮራኩር አምልጣ በሰማይ ላይ እንደ ተኛች ትቀራለች። በጨዋታው ዐሥራ አምስት ዓመት አልፏል። ልጇ አማንዳ አድጋ መካኒክ ሆናለች። የመርከቢቱ መቅረጫ ሴቫስቶፖል በሚባል የጠፈር ጣቢያ ተገኘ ቢሏት፥ «የእናቴን ወሬ ባገኝ» ብላ ትሄዳለች። ከዚያ ስትደርስ ጣቢያው ፈራርሷል፤ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ፤ አውሬውም በጣሪያው ውስጥ ይሄዳል።

የጨዋታው ሕግ ይህ ነው፦ አውሬውን መግደል አይቻልም። እሳት ብትተፋበት ለጥቂት ጊዜ ይሸሻል እንጂ አይሞትም። ስለዚህ ተጫዋቹ ያለው ምርጫ መደበቅ ብቻ ነው። ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆማል፤ አውሬው መጥቶ በሣጥኑ ቀዳዳ ሲመለከት ወደ ኋላ ተለጥፎ ትንፋሹን ይይዛል። የሚንቀሳቀስ ነገር የት እንዳለ የሚያሳይ መሣሪያ በእጁ አለ፤ ነገር ግን መሣሪያው ራሱ ድምፅ ስላለው አውሬው ሊሰማው ይችላል። ያለፈውን እንዳያጣ የደረሰበትን ማስመዝገብ የሚችለው ደግሞ እዚህም እዚያም ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉ፥ ስልክ ከሚመስሉ መሣሪያዎች ዘንድ ሲደርስ ነው። ካርዱን አስገብቶ ሦስቱ መብራቶች እስኪበሩ ቆሞ ይጠብቃል፤ በዚያችም ቅጽበት ከኋላው ሊገደል ይችላል።

በዚህ ላይ የእኛ አገር ችግር ይጨመር። ላፕቶፔ አሮጌ ስለሆነ ባትሪው ከሩብ ሰዓት በላይ አይቆይም። መብራት ሲጠፋ ሁለት አሳዳጅ ይኖረኛል፤ አንዱ አውሬው፥ ሁለተኛው ባትሪው። የአንድ ሰዓት መደበቄ ስልኩ ዘንድ ልደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ድርግም ብሎ የጠፋበትን ቀን አልረሳውም። በማግሥቱም መሥሪያ ቤት ሄጄ ለባልደረቦቼ ጀብዱ ሳወራ ዋልኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

አንዲት ታላቅ እኅት አለችኝ። በ2009 ዓ.ም. የአራት ዓመት ልጇን ለእናቴ ትታ «በሁለት ዓመት እመለሳለሁ» ብላ ከቤት ወጣች። ከእኛ አካባቢ ወደ ዐረብ አገር የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፤ መንገዱንም ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። በባቲ አድርጎ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ጅቡቲ ገብቶ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራል፤ ከየመንም በእግርና በመኪና እስከ ሳዑዲ ዓረቢያ ድንበር ይጓዛል። በየመን መንገደኛውን አፍነው ከቤተሰቡ ገንዘብ የሚያስልኩ ሰዎች አሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ደግሞ፥ ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ከመንፈቅ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መግደላቸውን ገልጿል።

የእኅቴ ሁለት ዓመት አምስት ሆነ። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ከ100,000 በላይ ዜጎችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ለመመለስ በተነሣ ጊዜ እሷም ተሳፍራ መጣች። ስትሄድ ከወር በላይ የፈጀባትን መንገድ በጥቂት ሰዓት ተመለሰችው። ልጇ ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበርና፥ በመጀመሪያው ቀን እንደ እንግዳ እጇን ዘርግታ ሰላም አለቻት።

ከመጣች ጀምሮ ስለ መንገዱ አንድ ቃል አልተናገረችም። ጎረቤት ሲጠይቃት «አልሐምዱሊላህ፥ አለፈ» ትልና ቡናውን ትቀዳለች። እውነቱን ለመናገር እኔ በዚህ ተቀይሜያት ነበር። ኮሌጅ የጨረስኩት እሷ በላከችው ገንዘብ ነው፤ በየሳምንቱም በስልክ በላከችልን ድምፅ ሁሉ «ደህና ነኝ፥ አታስቡ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልሰማንም። «ለእኔ ለወንድሟ የማትነግረው ምን የሚደበቅ ነገር ቢኖራት ነው?» እያልኩ በልቤ እከሳት ነበር። ዝምታዋን እንደ ንቀት ቆጠርኩት።

አንድ የሐምሌ ሌሊት ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መብራት ጠፍቷል፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ብርሃን የኮምፒውተሬ ብቻ ነው። አማንዳ በብረቱ ሣጥን ውስጥ ቆማለች፤ አውሬው ክፍሉን እየዞረ ያሸታል። ማዳመጫውን ነቅዬው ስለነበር እርምጃው ጎልቶ ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ራቀ። ባትሪዬ ሊያልቅ ነውና ወጥቼ ወደ ስልኩ ልሮጥ እጄን ሳንቀሳቅስ፥ ትከሻዬ ላይ እጅ አረፈ። ደንግጬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

«አትውጣ» አለችኝ እኅቴ፥ በጣም በቀስታ። «ገና አልሄደም። እግሩ ቢርቅም ጆሮው እዚህ ነው።»

ጠበቅሁ። አውሬው እውነትም ከበሩ ጥግ ተመልሶ መጣና ሣጥኑን አልፎ ሄደ።

«አሁን ውጣ። ግን አትሩጥ። በግድግዳው በኩል ሂድ፤ ብርሃን ያለበትን አትርገጥ።»

እንደ ነገረችኝ አደረግሁ፤ ስልኩ ዘንድ ደረስሁ፤ ሦስቱ መብራቶች በሩ። ደስ ብሎኝ ዞር አልኩና፦

«እታለም፥ ይህን ጨዋታ ታውቂዋለሽ እንዴ?» አልኳት።

«የቱን ጨዋታ?» አለችኝ።

ፊቷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የምታየው የእኔን አማንዳን አልነበረም። ከአጠገቤ መደቡ ላይ ተቀመጠች፥ ነጠላዋንም ወደ ላይ ሳበች፤ ከዚያም ሳልጠይቃት ተናገረች። የመን ውስጥ ግቢ ዘግተውባቸው ከነበሩት ሰዎች ከአንዲት ልጅ ጋር በሌሊት አመለጡ። በአንድ የፍየል ጉረኖ ውስጥ ፍግ ተከናንበው ተኙ። ሰዎቹ ባትሪ እያበሩ ሦስት ጊዜ መጡ። ጓደኛዋ ሳል ይዟት ነበርና፥ እኅቴ የሻሿን ጫፍ በአፏ ውስጥ ጨምራ በእጇ ያዘችላት። «ትንፋሽ ያን ያህል ድምፅ ያለው መሆኑን አላውቅም ነበር» አለች። «ከዚያ ወዲህ ሰው ከበስተኋላዬ ሲተነፍስ አልወድም።»

ዝም አልን። እኔም የምለው ቢጠፋኝ፥ እንደ ሞኝ የጨዋታውን አሠራር አስረዳት ጀመር። አውሬው ሁለት አእምሮ አለው አልኳት። አንደኛው የራሱ የአውሬው ነው፤ በዓይኑና በጆሮው ያገኘውን ብቻ ያውቃል። ሁለተኛው ከበላይ ሆኖ ሁሉን የሚያይ ነው፤ ተጫዋቹ የት እንዳለ ምንጊዜም ያውቃል፥ ለአውሬውም ቦታውን በግምት ይጠቁመዋል። ይኸው የበላዩ አእምሮ ግን የተጫዋቹን ጭንቀት ይለካል። ጭንቀቱ ሞልቶ ሲፈስ አውሬውን ወደ ጣሪያው ይጠራዋል፤ ሰው ጥቂት እንዲተነፍስ ጊዜ ይሰጠዋል። አለበለዚያ ማንም ሰው ጨዋታውን እስከ መጨረሻው አይጫወተውምና።

እኅቴ ይህን በጥሞና ሰማችና «የሚለካ አለው በለኛ» አለች። «እኛ ዘንድ የሚለካ ሰው አልነበረም።»

ከዚህ የሚበልጥ አስተያየት ከየትም አላነበብሁም። የጨዋታ ፍርሃትና የኑሮ ፍርሃት የሚለያዩት አንዱ ሐሰት፥ አንዱ እውነት በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ የእኔም ልብ በዚያ ክረምት በእውነት መትቷል፥ መዳፌም በእውነት አልቧል። ልዩነቱ፥ የእኔን ፍርሃት አንድ ሰው በልክ ቀድቶ የሰጠኝ መሆኑ ነው። ሲበዛብኝ ያነሣልኛል፤ ባልፈልግም ክዳኑን ዘግቼ እተኛለሁ። የእሷ ግን ስፍር አልነበረውም፤ የሚዘጋም ክዳን አልነበረውም። ዝም ያለችውም ስለናቀችን አልነበረም። ከተደበቀችበት ገና አልወጣች ኖሯል።

«ደግሞስ ያን አውሬ ማን አመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። ትልቁ ኩባንያ አውሬውን ለጥቅሙ ስለፈለገው ጣቢያውን በሙሉ እንደገዛው፥ አውሬውም እንዳይነካ ስላዘዘ ሰው መሰል የብረት ሠራተኞቹ በሰዎቹ ላይ እንደተነሡ ነገርኳት።

«እንግዲህ አውሬውማ ምን ያድርግ!» አለች ራሷን እየነቀነቀች። «ደላላው ነው እንጂ።»

ኮምፒውተሩ ሊጠፋ ቀይ መብራት ሲያበራ ተነሣች። በሩ ዘንድ ደርሳ ቆመችና «እናቷን አገኘቻት?» አለችኝ።

መዋሸት ይቻለኝ ነበር። ነገር ግን እሷ እውነቱን ነግራኛለችና እኔም እውነቱን ነገርኳት። አማንዳ እናቷ የተወችላትን የድምፅ መልእክት ትሰማለች እንጂ እናቷን አታገኝም። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ፊልም፥ በረጅሙ ቅጂው፥ እናትየዋ ከ57 ዓመት እንቅልፍ በኋላ ነቅታ ልጇ በ66 ዓመቷ መሞቷን እንደምትሰማ ያሳያል። ለልደቷ ቀን እመለሳለሁ ብላት ነበር።

እኅቴ አልመለሰችልኝም። በጨለማው ውስጥ ወደ ጓዳ ስትገባ ሰማኋት። ልጇ በተኛችበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ጋቢውን ስታስተካክልላት ልጅቱ ነቃ ብላ «እማ፥ ጠጋ በይ» ስትላት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ጨዋታውን በሌላ ሳምንት ጨረስኩት፤ እኅቴ ግን ተመልሳ አላየችውም። አልፎ አልፎ፥ ቡና ሲፈላና እናታችን ገበያ ስትሄድ፥ ከመንገዱ አንዳንድ ነገር ትነግረኛለች። ጥቂት ተናግራ ታቆማለች፤ እኔም «ከዚያስ?» አልላትም። ወዳጄ አንባቢ፥ በቤትህ እንዲህ ዝም ያለ ሰው ካለ ለመቀየም አትቸኩል። መብራቱን አጥፍቼ መጫወቱንም ትቻለሁ፤ ከበስተኋላዋም ሳልፍ አስቀድሜ ድምፄን አሰማለሁ።