የዘማቹ ማሳ

በልጅነቴ በጋሞ ደጋዋ ገረሴ ውስጥ የጦር ሜዳ ሰው የሚያከብር፣ ታፔላ የሰቀለ ማኅበር አልነበረም። እድር ግን ነበረ። የዛሬ ልጆች እድርን የሚያውቁት በድንኳንና በወንበር ነው። የኔ ዘመን እድር በቁም ላለ ሰውም ይደርስ ነበር፤ በተለይ ለዘማች።

ዘመኑ 1969 ነው። በሚያዝያ የእናት አገር ጥሪ ታወጀ፤ በሐምሌ የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ከየገበሬ ማኅበሩ የተመለመሉ ሚሊሻዎች ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ወደ ምሥራቅ ተመሙ። ከጋሞ ደጋም ጉምና ውርጭ ያሳደጋቸው፣ በረሃ በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ገበሬዎችና ሸማኔዎች ሄዱ።

የዘማች ቤተሰብ ማሳ በገበሬ ማኅበሩ ጉልበት እንዲታረስ መንግሥት አዝዞ ነበር። ትእዛዙ የመንግሥት ይሁን እንጂ ሥራው የተሠራው በሰፈሩ ልብ ነው። የኛ ተዳፋት በሬ አያዞርም፤ በባለሁለት ጥርስ መቆፈሪያ ነው የሚገለበጠው። ወንዶቹ ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው፣ አንዱ ዜማ ሲያወጣ ሌላው እየተቀበለ፣ መቆፈሪያውን እኩል አንስተው እኩል ይሰኩታል። ደቦ የጠራ ሰው ማብላት ማጠጣቱ ደንብ ነው፤ በዘማች ቤት ግን ደንቡ ይሻር ነበር። ሚስቲቱ ቦርዴ ይዛ ብቅ ስትል ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ ይህን ለልጆችሽ አኑሪው፤ እኛ ስንቃችንን ይዘን መጥተናል» ይሏታል። ከጓሮ በኩል ደግሞ ሴቶቹ እንሰቱን ፍቀው፣ ጉድጓዱን በቅጠል አልብሰው፣ እንዲብላላ ቀብረውላት ይሄዳሉ።

ከሁሉ የማይረሳኝ ደብዳቤው ነው። ከግንባር የተላከ ወረቀት በአርባ ምንጭ በኩል ዞሮ ሲደርስ፣ እሑድ የእድሩ ስብሰባ እስኪያበቃ ይቆያል። ከዚያ አስተማሪው ቆሞ አማርኛውን ያነብና አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር ወደ ጋሞኛ ይመልሰዋል። «ላሟ ወለደች ወይ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ጎረቤት ሁሉ በአንድ አፍ ይመልሳል፤ አስተማሪውም መልሱን እዚያው ይጽፋል። እናቲቱ ወረቀቱን ተቀብላ፣ ፊደል ባትለይም፣ አገላብጣ ታየዋለች።

የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ድል ሆነ። የተመለሰ ተመለሰ፤ ብዙው ግን ከዚያው ወደ ሰሜን ግንባር ተሻገረ። የአንዳንዱ መርዶ መጣ። አስከሬን ባይኖርም ለቅሶው አልቀረም። ወንዶች ጦርና ጋሻ ይዘው በለቅሶው ሜዳ ዙሪያ እየሮጡ ስሙን ጠሩለት፤ እድሩም ለሬሳ የሚያወጣውን ገንዘብ ለልጆቹ አወጣ።

ከባዱ ፈተና የ1983ቱ ነበር። ደርግ ወድቆ ከ450 ሺህ በላይ ሰው የነበረበት ሠራዊት ሲበተን፣ ያ ወታደር በየመንገዱ ዳቦ እስከ መለመን ደረሰ። «የደርግ ወታደር» የሚለው ስም በቁስሉ ላይ ተጨመረበት። የኛዎቹም ካፖርታቸው ነትቦ፣ አንዳንዱ በምርኩዝ፣ ዳገቱን ወጡ። እድሩ ማን አሸነፈ ማን ተሸነፈ ብሎ አልጠየቀም። የስንት ዓመት ውዝፍ መዋጮ ተማረላቸው። ቤት ለሌለው ቀርቀሃና ሣር ተዋጣ፣ አንዱ የእንሰት ችግኝ ነቅሎ ሰጠ፣ ሌላው የሸመነውን ጋቢ አለበሰ። በመስቀል ደግሞ ሥጋው ሲከፋፈል፣ መዋጮ ያልከፈለው ተመላሽ ድርሻው ሳይጓደል ይሰጠው ነበር። አዲሱ መንግሥት ለተበተነው ሠራዊት ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከመመሥረቱ የበለጠ፣ ለነዚያ ሰዎች ሰውነታቸውን የመለሰላቸው ያ ጋቢ ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ አፍንጮ በር አካባቢ፣ በ1943 ኮሪያ ለዘመተው የቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ ቆሟል። ዘማቾቹም ማኅበር አላቸው፤ ኮሪያውያንም ውለታውን አልረሱም፣ ለልጅ ልጆቻቸው ጭምር እጃቸውን ይዘረጋሉ። ይገባቸዋል። ከገረሴ ወጥቶ ኦጋዴን የወደቀውን ገበሬ ግን በስሙ የሚያስታውሰው የሰፈሩ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እያለቀ ነው። ጎልማሳው ለሥራ አርባ ምንጭና አዲስ አበባ ወርዷል፤ ደቦውም ሳስቷል። እሑድ እሑድ ደብዳቤ ሲነበብ የሰሙት ጆሮዎች ጥቂት ቀርተዋል።

በየእድሩ ሣጥን ውስጥ ግን አሮጌ መዝገብ አለ። በኛ መዝገብ ከአንዳንዱ ስም ጎን፣ መዋጮ በሚሞላበት ቦታ፣ «ዘማች» የሚል ቃል ብቻ ተጽፎ አይቻለሁ። የእድር ዳኞች ሆይ፣ ያን መዝገብ አይጥ ሳይበላው አውጡት፤ ስሞቹን ገልብጡ፣ በሕይወት ያሉትን ጠይቁ፣ የሞቱትንም በካራማራ ቀን በየስማቸው ጥሩልን።