ከአልጋ ሥር የደበቅሁት እንዝርት

ተማሪ ሳለሁ ጓደኞቼ ወደ ቤታችን በመጡ ቁጥር የእናቴን ጥጥና እንዝርት ከአልጋ ሥር እደብቅ ነበር። እናቴ ፈትላ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች እየሸጠች ደብተርና የደንብ ልብስ እንደምትገዛልኝ ባውቅም፣ የፈታይ ልጅ መባሉ ያሳፍረኝ ነበር። ይህን የቆየ ጥፋቴን ያስታወሰኝ በሰው አገር ያየሁት አንድ ትርኢት ነው።

በ2016 ዓ.ም. መስከረም፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ የምትኖረውን ታናሽ እኅቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እኅቴ በዕረፍት ቀኗ እኔንና የ9 ዓመት ሴት ልጇን ይዛ፣ ክራውንስቪል በተባለ ሥፍራ ወደሚደረገው የሬኔሳንስ ፌስቲቫል ወሰደችን። ሬኔሳንስ የሚባለው በአውሮፓ ጥበብና ዕውቀት እንደገና ያበበበት ዘመን ሲሆን፣ በዚህ ፌስቲቫል ላይ የሚታየው በ16ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝን የገዛው የስምንተኛው ሄንሪ ዘመን መንደር ነው።

ከበሩ እንደገባን ንጉሡን የሚጫወተው ተዋናይ ከነአጃቢዎቹ አለፈ። ጥሩር የለበሱ ፈረሰኞች በረጅም ጦር ሲጋጠሙ ባየሁ ጊዜ የአገራችን ጉግስ ትዝ አለኝ። ይህ ግጥሚያ ከእ.ኤ.አ. 1962 ጀምሮ የሜሪላንድ ይፋዊ ስፖርት ነው።

ልጅቷን የማረኳት ግን ፈረሰኞቹ ሳይሆኑ የእጅ ባለሙያዎቹ ናቸው። ብረት ሠሪው የጋለውን ብረት ቀጥቅጦ ቅርጽ ሲያስይዘው ከቦ የሚያየው ሕዝብ አጨበጨበ። በእኛ ዘንድ ማረሻችንን የሚሠራውን ሰው «ቡዳ»፣ የምንለብሰውን የሚሠራውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሲሰድብ የኖረው ጎጂ ልማድ ታወሰኝና አንገቴን ደፋሁ።

ቀጥሎ ረጅም ቀሚስ የለበሰች አንዲት ሴት የበግ ጠጉር በእንዝርት ስትፈትል አገኘናት። ሴትዮዋ መሞከር የሚፈልግ እንዳለ ስትጠይቅ የእኅቴ ልጅ እጄን ይዛ፣ «አክስቴ፣ አንቺ አሳዪኝ። አያቴ ትችላለች ብለሽኝ የለም?» አለችኝ። ተቀብዬ ባሾረው ክሩ ተበጠሰ፤ ብደግመውም ተበጠሰ። ደብተሬን የገዛልኝን ሙያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልሠራው አልቻልሁም። ድሮ ያፈርሁት ሙያው በቤታችን በመኖሩ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ያፈርሁት ባለማወቄ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ትርኢት አጀማመር እናቶችን የሚመለከት ነው። ፊሊስ ፓተርሰን የተባለች አሜሪካዊት መምህርት ልጅ ከወለደች በኋላ የመደበኛ ትምህርት ቤት ሥራዋን ትታ የሠፈር ልጆችን ቴአትር ታስተምር ነበር። ከዚህ ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ1963 ከባለቤቷ ከሮን ጋር በሎስ አንጀለስ የመጀመሪያውን ፌስቲቫል አዘጋጀች። የሜሪላንዱ የተጀመረው በ1977 ነው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ለእናቴ ስልክ ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። ስቃ ስታበቃ፣ «ያኔ ከአልጋ ሥር የምትደብቂውን መች አጣሁት! ጓደኞችሽ ሲሄዱ እኔው አወጣው ነበር። ልጅ ነሽ ብዬ ተውሁሽ» አለችኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ።

እኅቶቼ፣ ከቢሮና ከፋብሪካ ደክማ የምትገባ እናት ማታ ትፍተል ማለቴ አይደለም። ሴትን ከአድካሚ የቤት ሥራ የሚያሳርፍ መሣሪያ ሁሉ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን እዚያ አገር ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚያየው ሙያ በእኛ ቤት ከእናቶቻችን እጅ ገና አልጠፋም። ፈትሉን፣ ስፌቱን፣ ሸክላውን ልጆቻችን ባይተዳደሩበትም እንኳ አይተው ሊያከብሩትና ሠሪውን ከመስደብ ሊቆጠቡ ይገባል። ይህን ማስተማር የእኛ የወላጆች ፈንታ ነው።

እኔ ከተመለስሁ ወዲህ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ መፍተል እማራለሁ። ክሬ አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ይቀጥናል። እናቴም፣ «ይህን ሸማኔ አይገዛሽም» እያለች ትስቅብኛለች። እንዝርቱ ግን እንግዳ ሲመጣም ከተቀመጠበት አይነሣም።